የእንዳላማው ፈረስ

«የመኪናዋ ወንበር ራሱ ነው አሉ የሚሸተው። በሩ ሲከፈት አረቄው ቡን ይላል።»

«ነፍሱን ይማረውና፣ ሰው ጭኖ እንዲህ ይጠጣል?»

«እኔ አላልኩም። ሰው ነው ያለው።»

ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል፤ የለቅሶ ድንኳን ግን ሹክሹክታ አይደብቅም። የብርጓል ሰሌኑ ላይ እንደተቀመጠች፣ ጥቁር ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ እንደሳበች ሁሉንም ሰማች። ዞር ብላ አላየቻቸውም። ዛሬ አንዷን ብታውቅ ነገ ሌላዋን ማወቅ ይመጣል፤ ቂም ለመያዝ ደግሞ ጊዜ አልነበራትም። «ሰው» የሚባለው ባለወሬ እንደሆነ ለቅሶ ቤት ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ያላየውን ሁሉ አይቶ ይሄዳል። ተከትሎ የያዘው የለም።

ባሏ እንዳላማው ከደብረ ማርቆስ ይጁቤ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ይጁቤ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው መኪናዋን ከመንገዱ አውጥቶ ዳር አቆመ፤ ከዚያ ደረቱን መሪው ላይ ጥሎ ዝም አለ። ከተሳፋሪው አንድም ሰው አልተጫረም። ትናንት እናቱ በሚኖሩበት በይጁቤ ደብር ተቀበረ። ነገ ሰልስቱ ነው።

በዚያ አገር ፈረስ የነበረው ሰው ሲሞት ፈረሱ ኮርቻውን ተጭኖ ለቅሶው ሜዳ ይወጣል። ማንም ሳይቀመጥበት፣ አንድ ሰው ልጓሙን ይዞት፣ በአልቃሹ መሀል ይዞራል። ያ ባዶ ኮርቻ ሲያልፍ ሟቹን የማያውቀው እንኳ ያለቅሳል። እንዳላማው ፈረስ አልነበረውም፤ የነበረችው ሚኒባሷ ናት። ዘመዶቹ ከቀብር ሲመለሱ «ፈረሱ እሷ ናት፣ ለሰልስት እሷ ትወጣለች» ተባብለው ነበር። ከዚያ የሽታው ወሬ ተነሣና የእናቱ ጆሮ ደረሰ።

እናቱ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ከመነኮሱ ቆይተዋል። ዛሬ ጠዋት ዘመድ አዝማዱን ሰብስበው «አትወጣም» አሉ። «ልጄን በአደባባይ ሰካራም አላሰኘውም። እዚያው በቆመችበት ትቅር።» ይህን ብለው ወደ ቤት ገቡ፤ አልጋቸው ላይ ሆነውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የእንጀራ እናት አይደሉም፤ የወለዱት እናት ናቸው፤ እሳቸው ካመኑት ወሬው ከዚህ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

የብርጓል ከሰሌኑ ተነሣች።

«ወዴት ነሽ?» አሏት አጠገቧ የነበሩት አሮጊት ቀሚሷን ያዝ አድርገው። «ሐዘንተኛ ቁጭ ነው የሚል፣ ልጄ።»

«መኪናዋን ላያት ነው።»

«ምን ያደርግልሻል አሁን?»

«ነገ ትወጣለች» አለችና ቀሚሷን ቀስ ብላ ከእጃቸው አላቀቀች።

ሚኒባሷ ከቤቱ ጓሮ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆማለች። የእንዳላማው ታናሽ ወንድም ባዘዘው የብርጓልን ሲያይ ከወንዶቹ መሀል ወጥቶ ተከተላት። ባዘዘው አናጢ ነው፤ መንጃ ፈቃድም አለው። ያን ቀን ከወንድሙ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ ወንድሙን ኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ ጤና ጣቢያ ድረስ የነዳውም እሱ ነው። ሲደርሱ ግን አልፎ ነበር።

«አትድከሚ፣ እታለም» አላት። «የሞተሯ ክዳን፣ ቴስታዋ፣ ተቃጥሏል። ዳር እንደቆመች ሞተሩ እየሠራ እኛ ስንጯጯህ ትጨስ ጀመር። ውሃ ሞላሁላት፤ ዳገቷን ሳትጨርስ እንደገና ፈላች፤ እየፈላች ነው እዚህ ያደረስኋት። ማርቆስ ጋራዥ ካልገባች አትሆንም።»

«ቴስታውን አይተኸዋል?»

«በጭሱ አወቅሁ እንጂ እንዴት አየዋለሁ?»

«እንግዲያው አላወቅህም» አለችው። ክፉ ለመናገር አልነበረም፤ እንዳላማው ለተሳፋሪው መልስ የሚሰጠው በዚህ አነጋገር ስለነበር አፏ ላይ መጣ።

የዚያች መኪና ሞተር ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው። ማየት የፈለገ ወንበሩን ማንሣት አለበት። የብርጓል የሾፌሩን በር ከፈተች። ወንበሩ መሀሉ ጎድጉዷል። የዚያ ሰው ክብደት ስንት ዓመት ሙሉ ያጎደጎደው ነው፤ አሁን ሊነሣ ነው። «ይቅር በለኝ» አለች በሆዷ። ማጠፊያውን ፈታችና አነሣችው።

ሽታው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚይዝ የአረቄ ሽታ። ባዘዘው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። የብርጓልም፣ እውነቱ መነገር ካለበት፣ ለአንዲት አፍታ ባሏን ጠረጠረችው። ደብቆኝ ይሆን እንዴ አለች። እጇ ወንበሩን እንደያዘ ቀረ።

ግን ያን ሰው ታውቀዋለች። ሠርግ ቤት ብርጭቆ ሲቀርብለት «በአንድ ቤት አንዲት ጠጪ ትበቃለች» ብሎ የሚመልስ ሰው ነበር፤ መኪናዋን ማለቱ ነው። ማለዳ ማለዳ ወንበሩን አንሥቶ ዘይቷን፣ ውሃዋን፣ የፍሬን ዘይቷን ሳያይ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ተሳፋሪው በብርድ ተጨማዶ «ሾፌር፣ ቅዳሴው አላለቀም እንዴ?» እያለ ሲያላግጥ እሱ የዘይቱን ዘንግ ጠርጎ መልሶ ይከታል። «ሞተር እውነቱን የሚናገረው ሲቀዘቅዝ ነው» ይላል። የብርጓል ጨርቅ እያቀበለች፣ ክዳን እያጠበቀች፣ ሳታስበው ሥራውን ለመደችው። አንድ ቀን በነገር ወጋችው፤ «እኔን እንዲህ ጎንበስ ብለህ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

«አንቺ አታፈሺማ» አላት።

ስቃ ነበር ያን ጊዜ። አሁን ትዝ ሲላት ግን ተናደደችበት። ራሱን ሲወቅረው ከርሞ፣ «ግፊትህን ተለካ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ እያለፍህ» ስትለው መልሱ ሁልጊዜ «ነገ» ነበር። የመኪናዋን ልክ በየማለዳው አይቶ የራሱን አንድ ቀን ሳያይ ሄደ። እንዲህ ትቶኝ ይሄዳል አለች፤ ንዴቱም ከሐዘኑ በልጦ እጇን ወደ ሥራው መለሰው።

የዘይቱን ዘንግ መዘዘች፣ ጠረገች፣ መልሳ ከተተችና እንደገና መዘዘች። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መሀል ነው፤ ጥቁር ነው እንጂ አልደፈረሰም።

«ና እይ» አለችው ባዘዘውን። «ቴስታው ተቃጥሎ ውሃ ከዘይቱ ጋር ቢቀላቀል ኖሮ ወተት የገባበት ሻይ ይመስል ነበር። ደህና ነው።»

የፍሬኑም ዘይት በልኩ ነበር። ከዚያ በራዲያተሩ ክዳን ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋ ቀስ ብላ ከፈተችው። ውሃው አይታይም። የመጠባበቂያ ውሃ የሚቀመጥባት ዕቃም ደርቃለች። ረዘም ያለ ቀጭን እንጨት ከታ አወጣችና ጫፉን አሸተተች። ከዚያ ለባዘዘው አቀበለችው። እሱም አሸተተ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ከዚህ ነው ሽታው» አለች። «ምንድን ነው የሞላህላት?»

«ውሃ ነዋ! ከበሩ አጠገብ ከወንበሩ ሥር ቢጫ ጀሪካን አገኘሁ፤ የወንድሜ የውሃ ጀሪካን ነው ብዬ ገለበጥኩት። ሰው ይጮሃል፣ ወንድሜ ከኋላ ተዘርሯል። ማሽተቱን ማን ያስበዋል?»

የብርጓል ወደ ኋላ ሄዳ ከመጨረሻው ወንበር ሥር እጇን ሰደደች። እንዳላማው የውሃ ጀሪካኑን የሚያኖረው ሁልጊዜ እዚያ ነበር። ጎትታ አወጣችው። ሙሉ ነው፤ ክዳኑ እንኳ አልተነካም። ከፍታ በእፍኟ ቀዳች፤ ጥርት ያለ ውሃ።

ባዘዘው ሙሉውን ጀሪካን አየና መሬቱ ላይ ቁጢጥ አለ። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ «እኔ ነኝ ያሰደብሁት» አለ። «እኔ ነኝ ወንድሜን። ወሬውን ስሰማ ዝም አልሁ፤ እኔም እኮ ጠጥቶ ይሆናል ብዬ ነበር።»

«ተነሥ» አለችው። «የማን አረቄ እንደሆነ እንወቅ። እኛ ብቻ ብንናገር ሰው ስሙን ሊያጥቡለት ነው ይላል።»

ድንኳኑ ውስጥ ገብታ መሀል ላይ ቆመች። ሐዘንተኛ ሴት እንዲህ ቆማ ስትናገር ያየ አልነበረምና ጉርምርምታው ወዲያው ቆመ።

«ያን ቀን ከእንዳላማው ጋር የተሳፈራችሁ» አለች፤ «ጀሪካን የጠፋባችሁ አላችሁ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ንፍሮ የያዘ ሰፌድ አንሥታ ልትዞር የነበረች ሴት ግን ሰፌዱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። የኔአለም ትባላለች፤ አረቄ አውጥታ ገበያ ለገበያ የምትሸጥ ሴት ናት። ከቀብሩ ጀምሮ ማንም ሳይጠራት እዚህ ቤት እንጨት ስትሸከም፣ ንፍሮ ስትቀቅል፣ ዕቃ ስታጥብ ነበር፤ ሰዎቹም የሩቅ ዘመድ መስላቸው አመስግነዋት ነበር።

«የኔ ነው» አለች። «መንገድ ላይ ተሳፍሬ አረቄዬን ከበሩ አጠገብ አኑሬው ነበር። ሾፌሩ ዝም ሲል እርዳታ ልጠራ ወደ ሰፈሩ ሮጥኩ፤ ስመለስ ጀሪካኑ ባዶውን ወድቋል።»

«ታዲያ ወሬውን እየሰማሽ?» አለች አንዷ ከጥግ። ቅድም «ሰው ነው ያለው» ያለችው ራሷ ነበረች።

«በለቅሶ ቤት ስለ አረቄዬ ላውራ? ክፈሉኝ ያልኩ አይመስልም?» የኔአለም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ፣ ዓይናችሁን ሳይ አፈርኩ። ነገሩ እንዲህ ይገናል ብዬ አላሰብኩም። አጠፋሁ።»

የብርጓል ልትቆጣት ይገባ ነበር። ቁጣው አልመጣላትም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ስንቱን ደግ ሰው አፉን እንደሚያስይዘው ታውቃለች። ክንዷን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት።

እማሆይ አልጋቸው ላይ ሆነው ጀርባቸውን እንደሰጡ ሁሉንም ሰሙ። የኔአለም ተናግራ ስትጨርስ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ይሄን ሁሉ አፍነሽ ነው ንፍሮ የምታዘግኚኝ?» አሏት።

«እማሆይ፣ ይማሩኝ…»

«ቆዪ አንቺ። የብርጓል፣ ነይ። ልጄ አልጠጣም?»

«ጠብታ አልቀመሰም፣ እማሆይ። መኪናዋ ናት የጠጣችው።»

የአሮጊቷ ከንፈር ጫፉ ላይ ትንሽ እንቅስቃሴ ታየ፤ ወዲያው ጠፋ። «ትሄዳለች?» አሉ።

«ገና ነኝ። ውሃው በምን እንደጎደለ አላገኘሁም።»

«አግኚዋ» አሉና መቋሚያቸውን ፈለጉ።

የብርጓል ከታሸገ ውሃ የቀሩትን ካርቶኖች ዘርግታ ከመኪናዋ ሥር አነጠፈቻቸው። በራዲያተሩ የቀረውን አረቄ ከታች አስከፍታ አፈሰሰችው፤ ዙሪያውን የቆሙት ጎልማሶች መሬት ሲጠጣው በሐዘኔታ ያዩ ነበር። «ይፍሰስ!» አለች የኔአለም፣ ከሁሉም ጮክ ብላ። በንጹሕ ውሃ አጠበችው፣ ዘጋችው፣ ከእንዳላማው ጀሪካንም ጥቂት ጨምራ ጠበቀች። ብዙም ሳይቆይ ካርቶኑ ላይ አንዲት ጠብታ አረፈች። ከዚያ ሌላ።

የብርጓል በጀርባዋ ተኝታ ከመኪናዋ ሥር ገባች። ጥቁር ልብሷ አቧራ በአቧራ ሆነ። በእጇ እየዳበሰች ወደ ላይ ተከተለችው፤ እርጥበቱ ወደ ራዲያተሩ ከሚገባው ወፍራም ቱቦ አፍ ላይ ይጀምራል። ቱቦው ላይ ግን ሌላም ነገር ነበር። ከጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቀደደ ቁራጭ፣ ጥብቅ ተደርጎ ተጠምጥሞበታል። አስተሳሰሩን አወቀችው። ሥራው የእሱ ነበር።

ፈትታ ስትወጣ እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቱቦው ተሰንጥቋል፣ እማሆይ። በዚህ አስሮት ነበር።»

«ያውቅ ነበር በይኛ።»

ልትዋሽላቸው ትችል ነበር፤ ሁለት ሐዘን በአንድ ቀን ለአንዲት እናት ይበዛል። ግን ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ የተነገረው ውሸት ይበቃል አለች።

«ያውቅ ነበር። ውሃ ይዞ የሚዞረውም ለዚሁ ነው። ነገ እቀይረዋለሁ ይል ነበር። ሐኪም ቤቱንም እንዲሁ፣ ነገ እያለ ነው የቀረብኝ። ተናድጄበታለሁ፣ እማሆይ። በጣም ነው የተናደድሁበት።»

«አባቱም እንዲሁ ነበር» አሉ እማሆይ። «እኔም በአባቱ እስከ ዛሬ እንደተናደድሁ ነው።» ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሥራው እስኪያልቅም አልተነሡም።

የብርጓል የተሰነጠቀውን የቱቦ ጫፍ በቢላ ቆርጣ ጣለች። የቀረው ይደርሳል። መልሳ ሰካችውና ማጥበቂያውን ብረት ባዘዘው በብሎን ማዞሪያ፣ በካቻቢቴ፣ ጥብቅ አደረገው። ውሃውን ቀስ እያለች ሞላች፣ ሞተሩን አስነሥታ ክዳኑን ክፍት ተወችው። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ አየሩን አወጣ፤ ዝቅ ሲል ጨመረች፤ ዝቅ ሲል ጨመረች፤ በመጨረሻ ረጋ። የመጠባበቂያዋን ዕቃ ስትሞላ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር።

«ሙዪው እንጂ» አሉ። «ምነው ሰሰትሽ? ጢም አድርጊው።»

«እስከ መስመሩ ነው፣ አባቴ። እንግዳ አይደለችም፤ ሲሞቃት ራሱ ይነሣል።»

በማግስቱ ማለዳ ሞተሩ ቀዝቅዞ ስታየው ውሃው በልኩ ነበር፤ ካርቶኖቹም ደርቀው አደሩ። ማርቆስ ደርሳ አዲስ ቱቦ እስኪገዛላት ይህ ይበቃታል።

የለቅሶው ሜዳ ከቤቱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። የብርጓል ራሷ ነዳቻት፤ መንዳቱን እንዳላማው አስተምሯት ነበር። ጎድጓዳው ወንበር ላይ ተቀምጣ ማርሽ አስገባችና ዳገቱን ጀመረች። ዓይኗ ከሙቀት መለኪያው አልተነሣም። የሰፈሩ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ያያታል፤ ሚኒባሷ ሳትፈላ፣ ሳትጨስ ወጣች።

ሜዳው ጫፍ ላይ አለቃ ዘማርያም፣ የደብሩ የቅኔ መምህር፣ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። «ልጄ፣ በሟች ፈረስ ላይ ሰው አይቀመጥም። ባዶውን ነው የሚዞረው፤ አገር ያውቀዋል።»

«አውቃለሁ፣ አለቃ። ባዶውን ነው የሚዞረው።»

ያንን ሌሊቱን ሙሉ አስባበታለች። ሜዳው ደልዳላ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገባች፣ ፍሪሲዮኑን ከእግሯ ሥር ቀስ አድርጋ ለቀቀች፤ ነዳጅ አልሰጠችም። መኪናዋ በራሷ አቅም መራመድ ስትጀምር በሩን ከፍታ ወረደች፤ አንድ እጇ ግን በበሩ በኩል መሪው ላይ ቀረ። ባዘዘው በሌላው ወገን ፈጠን እያለ አብሮ ይራመዳል። ሞተሩ ያለማቋረጥ ይሠራል፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሚኒባሷ ሰው እንደያዛት ፈረስ በአልቃሹ መሀል ዞረች። አንዲት ሴት «ወይ እንዳላማው!» ስትል ሜዳው ባንድ ጊዜ ተነሣ። ትናንት ሲያሙት የነበሩትም ደረታቸውን ይደቁ ነበር፤ የብርጓል አየቻቸው፣ አለፈቻቸውም።

ዙሩ ሲያልቅ እማሆይ ከተቀመጡበት ፊት ለፊት እጇን ሰድዳ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ አንዴ ተንገጫግጫ ቆመች።

እማሆይ ተነሡ። ሊደግፏቸው የቀረቡትን ገፋ አደረጉና ብቻቸውን መጡ። ሰው ሁሉ ሙሾ ያወርዳሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን በብብታቸው ያዙና የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው፣ ዳገቱ አቧራ ያለበሰውን የፊት መስታወት በሾፌሩ በኩል ይጠርጉ ጀመር። ክንዳቸው ከመሀሉ አላለፈም። የብርጓል አጠገባቸው ቆመችና እሳቸው ያልደረሱበትን በራሷ ነጠላ ትጠርግ ጀመር። ከቀብሩ ጀምሮ የያዘችው እንባ ያን ጊዜ ወረደ፤ እጇ ግን አላቆመም።

«እዚች ጋ ቀርቷል» አሉ እማሆይ በጣታቸው እያሳዩ።

የብርጓል በእግሯ ጫፍ ቆማ፣ እዚያም ጋ ጠረገች።